ውሃ የማያልፍበት ጨርቅ

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል ወይስ ያ ቅባት ረዳሽ? በሳሙና ብዛት የተሰነጠቀው አውራ ጣትሽስ ገጠመልሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ትቀምሻለሽ? አባዬስ እንዴት ነው፣ አንድ የቀረው ደህና ጆሮው እየሰማለት ነው? እህቴስ፣ ባሏስ፣ ግቢው ሁሉ እንዴት ነው? እንዲህ አንድ በአንድ ስጠይቅ "ይሄ ልጅ ደግሞ ሐኪም ሆነብኝ" ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ፣ ግድ የለም። ጥያቄ የማበዛው ከጥያቄው በኋላ የሚመጣውን መጻፍ ስለፈራሁ ነው።

ሁልጊዜ "እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ" የምልሽ እዚህ ጋ ነበር። ዛሬ ዘልዬዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ የምታነቢላት እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከዚህ በታች ያለውን መጀመሪያ ለብቻሽ አንብቢው። ከዚያ እማዬን መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጫት፤ አጠገቧ ሁኚና እጇን ያዢያት። ድምፅሽ እምቢ ሲልሽ ቆም በዪ እንጂ መስመር አትዝለዪ። አደራሽን።

እማዬ፣ ልጃችን የለችም። የልጅ ልጅሽ በዚህ ዓለም የቆየችው ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ካረፈች ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኗ ነው።

በስልክ ልነግርሽ አራት ጊዜ ሞክሬያለሁ። "ሃሎ" ስትዪ ድምፅሽ ውስጥ ያለው ደስታ ምላሴን ያስረዋል። ባለፈው "ኪሎ ጨመረች ወይ?" ብለሽ ስትጠይቂኝ "ጨምራለች፣ ጉንጭም አውጥታለች" ያልኩሽ ጊዜ ካረፈች ሳምንት አልፏት ነበር። ከየት አፌ ላይ እንደመጣልኝ እንጃ። ስልኩን ዘግቼ የፋብሪካው ሽንት ቤት ገባሁና በሩን ከውስጥ ቆልፌ አለቀስኩ። ያወጣሽላትን ስም ለጎረቤቱ ሁሉ እንዳወራሽው እህቴ ነግራኛለች። እኛ ግን ገና አልጠራናትም ነበር። ከሆስፒታል የወጣች ዕለት እንጠራታለን ብለን እስከዚያ "ሚጣ" እያልን ነበር የምናቆላምጣት። ስለዚህ ስሙን እዚህም አልጽፈውም፣ ሆዴ አልቻለም።

መርዶው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት አላበላሽም ነበር። ሌላ ነገር አለ። ለማንም ያልነገርኩት፣ ለምራትሽም ያልነገርኩት። እማዬ፣ ሚጣን የገደልኳት እኔ ሳልሆን አልቀርም። እንዴት እንደሆነ እንዲገባሽ ስለ ሥራዬ መንገር አለብኝ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በቅጡ አስረድቼሽ አላውቅም። ትንሽ ታገሺኝ።

አንቺ ሆቴል ቤት ውስጥ ልብስ ስታጥቢ ሠላሳ ዓመት የኖርሽ ሴት ነሽ። ጨርቅ ከእጅሽ አያመልጥም። ጫፉን ይዘሽ አንዲት ክር ትመዢና "ይሄ ጥጥ ነው፤ ይሄ ድብልቅ ነው፤ ይሄ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቢታጠብ ያልቅለታል" ትያለሽ። የኛ ጨርቅ ግን ክር አይመዘዝለትም። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ የላክሁልሽ ሰማያዊ ቦርሳ ትዝ ይልሻል? አጥበሽ፣ አስጥተሽ፣ ልተኩሰው ብለሽ ካውያ ብታሳርፊበት ቀልጦ የካውያው ሆድ ላይ ተለጠፈብሽ። ደውለሽ "ልጄ፣ አንተ የምትሠራው ጨርቅ ሳይሆን ፌስታል ነው" ስትዪኝ ሳቄ የማሽኑን ጩኸት አልፎ ተሰማ። እውነትሽን እኮ ነበር። ጨርቁ ድርም ማግም የለውም። የፕላስቲክ ፍሬ ይቀልጥና የመርፌ ቀዳዳ በማያህሉ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ይወርዳል። ሲወርድ ነፋስ ይስበዋል፤ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል፣ ከፀጉር ያነሰ ይሆንና እርስ በርሱ እየተጠላለፈ፣ በሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ከዚያ የጋለ ብረት ይንከባለልበትና በነጥብ በነጥብ ያያይዘዋል። በቃ፣ ጨርቅ ሆነ። ማንም አልፈተለው፣ ማንም አልሸመነው።

አንቺ ሳታውቂው ከዚህ ጨርቅ ጋር ስትውዪ ነው የምታመሺው። ገበያ ይዘሽው የምትወጪው ቦርሳ እሱ ነው። ትንሿ የሻይ ከረጢት፣ ሳል ሲይዝሽ የምታደርጊው ማስክ፣ የአባዬ ሸሚዝ ኮሌታ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ውስጡ የተለጠፈው፣ ሶፋውን ብትገለብጪው ከሥሩ ተወጥሮ የምታገኚው ጥቁሩ፣ እህቴ ፊቷን የምትጠርግበት እርጥብ ሶፍት፣ ሁሉም የዚህ ዘመዶች ናቸው። ሰው ልብ ብሎ አያየውም። ተጠቅሞበት ይጥለዋል። እኔም ብሆን እዚያ ባልሠራ ኖሮ አላየውም ነበር።

ይህ ጨርቅ በተፈጥሮው ውሃ አይወድም። ውሃ ጠብ ብታደርጊበት ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ላዩ ላይ ይቆማል። ለማስክና ለሐኪም ጋውን የሚፈለገው እንዲያ ያለው ነው። የሕፃን ገላ የሚነካው የዳይፐር የውስጥ ፊት ግን ማሳለፍ አለበት። ሽንቱ ወዲያው ሰርጎ ከሥሩ ወዳለው ጥጥ ካልገባ ቆዳ ላይ ይተኛል፣ ቆዳ ይልጣል። ስለዚህ አንዳንዱ ጥቅል ውሃ የሚያስገባ ነገር ይቀባል። እኛ የተቀባውን "ጠጪው"፣ ያልተቀባውን "እምቢተኛው" እንላቸዋለን። ጉዱ ምን መሰለሽ፣ ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ልስልስ ያሉ ናቸው፣ በዐይንም በእጅም አይለዩም። የምትለያቸው አንዲት ጠብታ ውሃ ናት። ጠብታዋን የምጥለው ደግሞ እኔ ነኝ። ከየጥቅሉ ቁራጭ እወስዳለሁ፣ አንጠባጥባለሁ፣ እቆጥራለሁ። ሦስት ሳልል ከሰረገ ሰማያዊ ምልክት አደርግበታለሁ፤ ከቆመ ቀይ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ይህች ጠብታ ናት።

ምራትሽ ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች ምጥ እንደመጣባት ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ ሚጣ ምን ያህል እንደነበረች ነው። አንድ ኪሎ አልሞላችም። በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ፣ ደረቷና ጭኗ ላይ በፕላስተር የተያዘ ሽቦ ተደርጎላት ተኝታለች። የሆስፒታሉ ትንሹ ዳይፐር ከብብቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። እግሮቿን አንፈራጦ እንደ እንቁራሪት አደረጋት። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር፣ ደግ ሴት ናት፣ "የእሷን የሚያህል አይመጣልንም። ቆዳዋ የሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ ስፌት ያለው ነገር ከነካት ይቆርጣታል" አለችን። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ቤት ውስጥ የማውቀው ነገር ተነሣ። እኛ ጨርቅ ስናያይዝ ክር የለም፣ መርፌ የለም፤ በሙቀት ነው የምናጣብቀው። "እኔ እሠራላታለሁ" አልኩ።

በማግስቱ ለክፍል ኃላፊያችን ነገርኩት። ኮስታራ ስለሆነ ጄኔራሉ እንለዋለን፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ጥርሱን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ጥርሱን አሞት ሐኪም ቤት ሊሄድ ሲል። ሰምቶኝ ሲያበቃ ሄዶ በሙቀት የሚያጣብቀውን የናሙና ማሽን ቁልፍ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ጨርቅ ቆራጯ እትዬ መቀስ ደግሞ ልኳን ስትጠይቀኝ መናገር አቃተኝና መዳፌን ዘረጋሁ። ከእጅ አንጓዬ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ በእርሳስ ዙሪያውን ሳለችው። የሚጣ ዳይፐር ልክ የአባቷ መዳፍ ሆነ። በምሳ ሰዓት አምስት ስድስት ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ጥጡን አሳሳ፣ አንዷ ማሰሪያውን ቆረጠች፣ ጄኔራሉ ራሱ የማሽኑን ፔዳል ረገጠ። ሠላሳ ሠራን። እትዬ መቀስ አንዷን አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችና "ይቺን ለብሳ ካላደገች ከኔ ጋር ትጣላለች" አለች። ምሳ የበላ ሰው አልነበረም።

ሲስተር አየቻቸው፣ በእንፋሎት ተቀቅለው እንዲታሸጉ አደረገችና ተቀበለችልን። እዚያ ክፍል እናቶች ይገባሉ፤ አባቶች ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ጋውንና ማስክ አድርገው ይገባሉ፣ ሌላውን ቀን በመስታወት ነው የሚያዩት። እኔ ከሥራ ወጥቼ በዐሥራ አንድ ሰዓት እደርሳለሁ። የመጀመሪያው ቀን ምራትሽ የሚጣን መሸፈኛ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ልክክ ብሎላታል። እግሮቿ ገጥመዋል። እማዬ፣ ያን ቀን አውራ ጣቴን አንሥቼ መስታወቱ ጋ ቆሜ እንደ ሕፃን ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በዐሥራ አንድ ሰዓት ትገልጥልኛለች፣ እኔ አያለሁ፣ በማግስቱ ለነጄኔራሉ "ለብሳዋለች፣ ያምርባታል" እያልኩ ሳወራ እውላለሁ። ኩራቴ ሌላ ነበር።

በዐሥራ አራተኛው ቀን ተራዬ ደርሶ ስገባ ጭኗ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀይ ነገር አየሁ። ቆዳው ተልጧል። "ምንድነው?" ብል ምራትሽ "ይድናል፣ ሲስተር አይታዋለች" አለችና ሸፈነችው። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ተደወለልኝ። ስደርስ ምራትሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ይዛት ነበር። ሽቦውም ቱቦውም ተነሥቶላት ነበር። ዶክተሩ ሳንባዋ እንዳልጠናና ልቧም እንደደከመባት ነገረን። ቁስሉ መርዞባት ነው ወይ ብዬ ግን አልጠየቅሁትም።

ሥራ ከተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛዬን ሳጸዳ ከመሳቢያው ሥር የእትዬ መቀስን ቁራጭ አገኘሁ። የመዳፌ ቅርጽ ተቆርጦ የወጣበት፣ ባዶው የቀረው ጨርቅ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ እጄ ለምዶበት ማንጠባጠቢያውን አነሣና አንዲት ጠብታ ጣለበት። አንድ አልኩ፣ ሁለት አልኩ፣ ሦስት አልኩ። ዐሥር ደረስኩ። ጠብታዋ ቆማለች። ቁራጩን ባነቃንቀው ወዲያ ወዲህ ትንከባለላለች እንጂ አትሰርግም። እምቢተኛው ነበር።

እማዬ፣ ያን ቀን ስንሠራ ጠብታ አልጣልኩም። ጠጪው ሁልጊዜ በቀኜ ስለሚቀመጥ ከቀኜ አነሣሁ። ለማያውቀው ሰው ልጅ በቀን መቶ ጊዜ የማደርገውን ለገዛ ልጄ አንዴ አላደረግሁትም። ቸኩዬ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሰው ከብቦኝ ነበር። እንግዲህ የሚጣ ሽንት መግቢያ አጥቶ እላይዋ ላይ ሲተኛ ኖሯል ማለት ነው። ያ የተላጠው ጭኗም ከዚያ ነው። ቁስሉን ያመጣሁባት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ማየት አልፈልግም።

ምራትሽ ዐይን ዐይኔን ታየኛለች፣ እኔ ሸሽቼ ግድግዳ አያለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ እየኖርን ተላልፈን ነው የምንሄደው። ብነግራት እሷም ሁለተኛ ትሞትብኛለች። ባልነግራት ደግሞ ስታጽናናኝ፣ ሻይ ስታቀርብልኝ፣ ሸሚዜን ስትተኩስልኝ እያንዳንዷ ነገር ሆዴን ትበላዋለች። እማዬ፣ የአንቺ ፍርድ ይሻለኛል። ልንገራት? ወይስ ይዤው ልኑር? ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜው ነበር። ዛሬ እሑድ ነው፤ ጠዋት ጀምሬ እስከዚህ ድረስ ጽፌ ፖስታ ልገዛ ወረድኩ። ሱቁ ዝግ ነበርና ማዶ ድረስ ሄድኩ። እንደማልቆይ አስቤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገልጬ ነው የተውኩት። ስመለስ ምራትሽ ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች። ወረቀቶቹን አስተካክላ ደራርባ እጇን ጭናባቸዋለች። ፖስታውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቀረሁ።

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። "ተቀመጥ" አለችኝ፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሥታ የቁም ሣጥኑን ከፈተችና ከልብሷ ሥር አንድ ከረጢት አወጣች። ሆስፒታሉ ዳይፐሮቹን ቀቅሎ ያሸገበት ከረጢት ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሃያ ስምንት ናቸው። እንደታጠፉ ናቸው። አንዳቸውም አልተለበሱም።

የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልሽ። የመጀመሪያውን ቀን እኔ መስታወቱ ጋር ከመድረሴ በፊት አልብሳት ነበር። ወዲያው ሸናች። ስትፈታላት ዳይፐሩ ውስጡ ደረቅ ነው፣ ሽንቱ የሚጣ ገላ ላይና ፍራሹ ላይ ነው። ለሲስተር አሳየቻት። ሲስተርም ጎዝ የሚሉትን ስስ የጥጥ ጨርቅ አጣጥፋ ሰጠቻት፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚጣን ገላ የነካው የሆስፒታሉ ጎዝ ነው። ያቺን የረጠበችውን ጣለቻት። ሌላ አንዲት አውጥታ ለብቻዋ አስቀመጠች። በየቀኑ፣ እኔ የገባሁበትንም ቀን ጨምሮ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ያቺኑ አንዷን ከጎዙ በላይ ታስርላታለች፣ ለእኔ ትገልጥልኛለች፣ እኔ አውራ ጣቴን አንሥቼ ስሄድ መልሳ ታወልቅላታለች። ሲስተርንም "እባክሽ እንዳትነግሪው" ብላ ለምናታለች። እኔ የሳቅሁት ሁሉ፣ ለነጄኔራሉ ያወራሁት ሁሉ፣ እሷ ለአምስት ደቂቃ እያሰረች የምትፈታው ነገር ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። "ሚጣ ከተወለደች ጀምሮ ትከሻህ ወድቆ ነበር" አለችኝ። "ከሐኪሞቹ ጋር ስታወራ እንደ ጥፋተኛ እጅህን አጣምረህ ነበር የምትቆመው። ያን ቀን መስታወቱ ላይ ስትስቅ አየሁህ። አባት ሆነህ አየሁህ። እኔ ነኝ ወይ ይህን የምነጥቅህ?" አለችኝ። የሚጣ ጭን ላይ ያየሁት ቁስልም ሽቦውን የያዘው ፕላስተር ሲነሣ ቆዳዋን ይዞት ወጥቶ ነው። ሁለተኛ ፕላስተር እንዳይለጠፍባት ሲስተር ከልክላላት ነበር። እኔ ተጨንቄ እንዳላድር ብላ ሸፈነችው እንጂ ስለ ቁስሉ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም። ፕላስተሩም የኛው ዓይነት ጨርቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እሱን አልነገርኳትም።

ከዚያ ሃያ ስምንቱን መልሳ ማጠፍ ጀመረች። የታጠፉትን ነው የምታጥፈው። እኔ ቆጠርኩና "አንዷን ጣልሻት፣ ሃያ ስምንቱ እነሆ፤ ያቺ የምታሳዪኝ የት ሄደች?" አልኳት። አሁን ሳስበው ምን የሚሉት ጥያቄ ነው። እጇ ቆመ። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሲስተር የሚጣን ገላ ጠርጋ ስትሰጣት፣ ጎዝ ልታቀብላት ስትል "አይሆንም" እንዳለቻት ነገረችኝ። "ያንተን ብቻ አለበስኳት" አለችኝ። "ከእንግዲህ አትረጥብም አይደል? ምንም አላስቸገራትም። እሱን ለብሳ ነው የተቀበረችው።"

እማዬ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ስነሣ የመስኮቱ ጥላ ወደ ማዶው ግድግዳ ተሻግሮ ነበር። የደብዳቤውን የመጀመሪያ ክፍል ቀድጄ እንደ አዲስ ልጽፍልሽ ነበር። እሷ ናት ከእጄ የቀማችኝ። "እንዳለ ይሂድ። እናትህ ምን ተሸክመህ እንደነበር ትወቀው" አለችኝ። ስለዚህ የጠየቅሁሽን ፍርድ ተዪው፤ ተፈርዷል። ከበደልሁት ይልቅ የተደረገልኝ ነው አሁን የሚከብደኝ። ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት እትዬ መቀስንና ጄኔራሉን ማግኘት አለብኝ። ልጃችን የመዳፌን ልክ ለብሳ እንደሄደች እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ጠብታው ግን ገና አልቆረጥኩም። ያን ሁሉ ሰው ምሳ አስቀርቼ እምቢተኛውን አሠራኋችሁ ማለት ቀላል አይደለም።

የላክሽው ቢጫ ሹራብ ከነኮፍያውና ከነካልሲው ካረፈች በሦስተኛው ቀን ደርሶናል። ደርሷል ሳልልሽ የቀረሁት ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶሻል። ምራትሽ አንድ ቀን ሙሉ ጭኗ ላይ አድርጋው ዋለች። ካልሲው ውስጥ ጣቷን ከትታ "የእማዬ እጅ ይሞቃል" ስትል ሰምቻታለሁ። ሁለተኛውን ሹራብ መጀመርሽን እህቴ ነግራናለች። ምራትሽ የምትልሽ፣ ክሩን እንዳትፈቺው ነው። እጅጌው ሲያልቅ ላኪልን ብላለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ አንቺም አትጠይቂያት።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ይህን ነገር በደህናው ጆሮው በኩል ተጠግተሽ ቀስ ብለሽ ንገሪው፣ እንዳይጮህበት። እህቴን የደብዳቤውን ሸክም በአንቺ ላይ ስለጣልኩ ይቅር በዪኝ በዪልኝ፤ አሁንም የምታነበው እሷ ናትና ሰምታኛለች። ሾፌሩን አማቻችንን፣ መኪናውን አቁሞ አንድ ቀን ከእናንተ ጋር እንዲውል ለምኑልኝ። ያቺ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ለሚጣ ያወጣሽውን ስም የነገርሻት፣ ስለ ሚጣ ብትጠይቅሽ እውነቱን ንገሪያት እንጂ እንደኔ አትዋሺ። ምራትሽ እጅሽን ትስማለች።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በሚቀጥለው ስትደውዪ እኔን አትፈልጊኝ፤ እሷን ጥሪያት። "እንዴት ነሽ" ብለሽ አትጀምሪላት፣ ደህና ነኝ ትልሻለችና። ይልቅ ሚጣ በዐሥራ አንድ ሰዓት መስታወቱ ጋ ምን ለብሳ እንደነበር ጠይቂያት። ያን ለአንቺ መንገር ደስ ይላታል።

አክባሪ ልጅሽ

ከፋብሪካው ጀርባ ካለችው የሁለተኛ ፎቅ ክፍላችን፣
እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን